መድኃኒት ያሳደገውን ድድ መቁረጥ መቼ ይገባል?

ጥያቄ፦ «ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ኩላሊት ከተተከለላት ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ የአእምሮ እድገት ውስንነትም አለባት። ሳይክሎስፖሪን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ለደም ግፊት ኒፈዲፒን፣ ከንቅለ ተከላው በኋላ ለጀመራት የሚጥል በሽታ ደግሞ ፌኒቶይን ትወስዳለች። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ድዷ እያበጠ የታችኛው የፊት ጥርሶቿን ግማሽ ድረስ ሸፍኗል። ሲነካ ይደማል፤ አፏም ይሸታል። የላይኛው የፊት ቋሚ ጥርሶቿ እስካሁን አልወጡም። አንድ ባለሙያ ‹ጥርሷን በደንብ ስለማታጥቢያት ነው› አሉኝ። እኔ ግን ብሩሹ ስለሚያደማት ከተውኩት ወር አልፎኛል። አዚትሮማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ ገዝቼ ብሰጣት እንደሚሻላት፣ ፎሊክ አሲድም እንደሚረዳ ሰምቻለሁ። ጥፋተኛው ፌኒቶይን ከሆነ ቀስ እያልኩ ላቁምላት? ወይስ ድዱ አንድ ጊዜ ተቆርጦ እንገላገል?»

ምላሽ፦

ፌኒቶይኑን አያቁሙ፤ ብሩሹን ግን ዛሬ ማታ ይጀምሩ። የቀረው ሁሉ ተመክሮበት የሚደረግ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ቀጠሮ አይጠብቁም።

ፌኒቶይንን በራስ ውሳኔ መቀነስ፣ ቀስ በቀስም ቢሆን፣ ልጅዎን ለማያባራ መንቀጥቀጥ ሊዳርጋት ይችላል። እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ ሕይወት ያጠፋል፤ ያበጠ ድድ አያጠፋም። ይህን አብዛኛው ወላጅ ይገምተዋል። የማይገመተው ሁለተኛው አደጋ ነው። ፌኒቶይን በጉበት ውስጥ ሳይክሎስፖሪንን የሚሰባብሩትን ኢንዛይሞች ያበዛል። ሐኪሞቿ የሳይክሎስፖሪኑን መጠን የወሰኑት ደሟን እየለኩ ስለሆነ፣ አሁን የምትወስደው መጠን ልክ የሚሆነው ፌኒቶይኑ አብሮ እስካለ ድረስ ነው። ፌኒቶይኑ ሲቆም ኢንዛይሞቹ በሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞ መጠናቸው ይመለሳሉ፤ ያው የሳይክሎስፖሪን መጠን በደሟ ውስጥ እየጨመረ ይሄዳል። ኩላሊቱን ከሰውነቷ ጥቃት እንዲጠብቅ የተሰጠው መድኃኒት ሲበዛ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል። ማንም ሳይለካው ይህ ከሆነ፣ ለድድ ሲባል ኩላሊት አደጋ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

«ጥፋተኛው ፌኒቶይን ከሆነ» የሚለውም መታረም አለበት። ድድን በማሳደግ የታወቁ ሦስት የመድኃኒት ወገኖች አሉ፤ ልጅዎ ደግሞ ከሦስቱም ትወስዳለች። ፌኒቶይን ለሚጥል በሽታ መታዘዝ በጀመረ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1939፣ ድድ እንደሚያሳድግ ተጽፏል፤ ከሚወስዱት ሰዎች ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ ይታያል። ሳይክሎስፖሪን በአዋቂዎች ከሦስት ወይም ከአራት ሰዎች በአንዱ ላይ ድድ ያሳድጋል፤ በልጆች ላይ ከዚያም ይበዛል። ሦስተኛው ወገን የካልሲየም መተላለፊያን የሚዘጉት የደም ግፊት መድኃኒቶች ናቸው፤ ኒፈዲፒን፣ አምሎዲፒን፣ ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም እዚህ ውስጥ ይመደባሉ። ኒፈዲፒን ብቻውን ሲወሰድ ከሁለቱ የቀለለ ነው፤ ከሳይክሎስፖሪን ጋር ሲደረብ ግን ድዱ ይብሳል። ፕሬድኒሶሎን በዚህ ክስ ውስጥ የለበትም።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በድድ ውስጥ ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሕዋሳት ኮላጅን የተባለውን የፕሮቲን ክር ይሠራሉ፤ ያረጀውን ክር የሚያፈርሱትም እነዚሁ ናቸው። ድድ መጠኑን ጠብቆ የሚኖረው ሥራውና ማፍረሱ ስለሚመጣጠኑ ነው። ሦስቱ መድኃኒቶች በሌላው ሁሉ ባይመሳሰሉም ካልሲየም ወደ ሕዋስ የሚገባበትን መንገድ ያውካሉ፤ ማፍረሱ ይደክማል፤ ሥራው ግን አይቆምም፤ ክሩ ይከማቻል። የአንዱ ሰው ሕዋሳት ከሌላው ሰው ሕዋሳት ይልቅ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ለዚህ ነው ያንኑ መድኃኒት በዚያው መጠን ከሚወስዱ ሁለት ልጆች የአንዱ ድድ ሲያድግ የሌላው እንዳለ የሚኖረው። በልጅነትና በጉርምስና ሕዋሳቱ ይበልጥ ንቁ ስለሆኑ ችግሩ ከአዋቂዎች ይልቅ ልጆችን ያጠቃል።

«ስለማታጥቢያት ነው» ያሉዎት ባለሙያ የተናገሩት ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ እናትን በከንቱ ያሸማቅቃል። ችግሩን የጀመረው መድኃኒቱ እንጂ የእርስዎ እጅ አይደለም፤ አፏ በደንብ የሚጸዳ ልጅም ድዱ ሊያድግ ይችላል። የቀረው ግማሽ ግን ችላ የሚባል አይደለም። በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ የሚጋገረው የባክቴሪያ ንብርብር፣ ፕላክ የሚባለው፣ ድዱን ያስቆጣል፤ የተቆጣ ድድ ላይ ደግሞ መድኃኒቱ ይበረታል። ያደገው ድድ ጥርሱን ሲሸፍን ከሥሩ ብሩሽ የማይደርስበት ኪስ ይፈጠራል፤ በኪሱ ውስጥ ፕላኩ ይከማቻል፤ ድዱ የበለጠ ይቆጣል፤ የበለጠም ያድጋል። እርስዎ ብሩሹን በተዉበት ወር የሆነው ይህ ነው። ከሦስቱ መድኃኒቶችና ከፕላኩ መካከል ያለ ማንም ፈቃድ፣ ያለ ምንም አደጋ፣ ዛሬውኑ ሊቀነስ የሚችለው ፕላኩ ብቻ ነው።

ወደ ሕክምናው ከመግባቴ በፊት፣ ያበጠ ድድ ሁሉ የመድኃኒት ነው ብሎ መደምደምም ስሕተት መሆኑን ልናገር። መድኃኒት የሚያሳድገው ድድ ብዙውን ጊዜ ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ፣ በሁለት የፊት ጥርሶች መካከል ባለችው ሦስት ማዕዘን የድድ ጫፍ ላይ፣ እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ይጀምራል፤ ቀስ ብሎ ከጎኑ ካለው ጋር ይገናኛል፤ በሁለቱም ወገን ይታያል። የፌኒቶይኑ ጠጠር ያለና ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ያለው ነው፤ የሳይክሎስፖሪኑ ለስላሳ፣ ቀይና ቶሎ የሚደማ ነው። ከዚህ የተለየ ነገር ካዩ፣ ማለትም በአንድ ቦታ ብቻ ያበጠ፣ በቀናት ውስጥ ያደገ፣ የቆሰለ ወይም ጥርስ የሚያወላውል ከሆነ፣ ወይም ከእብጠቱ ጋር ትኩሳት፣ መገርጣት፣ ሰውነት ላይ ያለ ምክንያት መበለዝ ወይም የአንገት እጢ ካለ፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ንቅለ ተከላ ሐኪሞቿ ይውሰዷት። የደም ካንሰር በድድ እብጠት ሊጀምር ይችላል፤ የሰውነት መከላከያቸው በመድኃኒት በተገታ ልጆች ላይ የሚመጣ የሊምፍ ሕዋሳት እብጠትም አለ። ምግብ መርጠው የሚበሉ የእድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ላይ ደግሞ የቫይታሚን ሲ እጥረት ድድን እያሳበጠ ያደማል፤ ይህ በቀላሉ የሚታከም ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እርስዎ የገለጹት የመድኃኒቱን መልክ ይመስላል፤ ያም ሆኖ አፏ በዐይን መታየት፣ ደሟም መመርመር አለበት።

አሁን ብሩሹ። ደም ማየት ለማቆም ምክንያት አይደለም። የሚደማው ተቆጥቶ ስለሆነ ነው፤ የተቆጣውም ፕላኩ ስላልተነሳ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መድማቱ ሊብስ ይችላል፤ በየቀኑ ከጸዳ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ እየቀነሰ መሄድ አለበት። በጋዝ ተጭነውት ከአሥር ደቂቃ በኋላም የማይቆም መድማት ግን የደም ምርመራ ይፈልጋል።

ልጅዎ የምትታገል ከሆነ ፊት ለፊት ቆመው አይግጠሟት። አልጋ ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ ይቀመጡና ጭንቅላቷን ጭንዎ ላይ ያሳርፉ፤ አፏን ከላይ ሆነው ያዩታል፤ ጭንቅላቷም አይወራጭም። በአንድ እጅዎ ጣት ከንፈሯን ገለጥ ያድርጉ። ብሩሹ ትንሽና ለስላሳ ጸጉር ያለው ይሁን፤ ጸጉሩን ወደ ድዱ ዘንበል አድርገው፣ ግማሹ ጥርሱ ላይ ግማሹ ድዱ ላይ እንዲያርፍ፣ ባለበት ቦታ በትንሹ ያንቀጥቅጡት። ፈግፍጎ ማለፍ ኪሱ ውስጥ አይገባም። የምትነክስ ከሆነ የሌላ ብሩሽ ወፍራም እጀታ በጋዝ በደንብ ጠቅልለው በአንዱ ወገን መንጋጋ ጥርሶቿ መካከል ያስይዟትና ሌላውን ወገን ያጽዱ፤ ከዚያ ያዛውሩ። ጣትዎን በጥርሶቿ መካከል አያስገቡ። ይህ ለብሩሽ ሰዓት ብቻ የሚሆን ነው፤ መንቀጥቀጥ ሲይዛት ወደ አፏ ምንም ነገር አይገባም። የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ያለበት፣ መጠኑም የአተር ፍሬ የሚያህል ይሁን። ጠዋትና ማታ መሆን አለበት፤ አንዱን ብቻ የሚችሉ ከሆነ ማታ፣ የመጨረሻው መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ። ብዙዎቹ የልጆች ሽሮፖች ስኳር ስላለባቸው ጥርስ ላይ አድረው ያበላሻሉ።

(ይህን መልስ የሚያነብ በቱቦ የሚመገብ ልጅ ያለው ወላጅ ካለ፦ «በአፉ አይበላምና አፉ አይቆሽሽም» የሚለው እምነት ፍጹም የተሳሳተ ነው። በቱቦ የሚመገቡ ልጆች ጥርስ ላይ ታርታር፣ ማለትም ደርቆ ድንጋይ የሆነ ፕላክ፣ እንዲያውም ቶሎ ይጋገራል፤ ከአፍ ወደ ሳንባ የሚወርደው ባክቴሪያም ለሳንባ ምች ያጋልጣቸዋል።)

ከብሩሹ ጎን ለጎን ጥርሷን በሐኪም ማሳጠብ ያስፈልጋል፤ ድንጋይ የሆነውን ታርታር የትኛውም ብሩሽ አያነሳውም። ከእጥበቱ በኋላ ላሉት ሁለት ሳምንታት ያህል አልኮል የሌለበት ክሎርሄክሲዲን፣ ባክቴሪያ የሚገድል የአፍ መጉመጥመጫ፣ ጥሩ አጋዥ ነው። መጉመጥመጥና መትፋት ለማትችል ልጅ በጋዝ ወይም በብሩሽ ነክረው ድዷን ይቀቡታል። ከጥርስ ሳሙናው ግማሽ ሰዓት ያራርቁት፤ አለዚያ እርስ በርስ ኃይል ያሳጣጣሉ። ለወራት መቀባት ግን ጥርስን ያጠቁራል፤ ጣዕምም ያዛባል። እጥበቱ በየሦስት ወሩ ይደገም። በስድስትና በስምንት ሳምንት መካከል ድዷ እንደገና ይታይ፤ መቅላቱና መድማቱ ጠፍቶ የቀረው መጠን ነው እውነተኛው የመድኃኒቱ ድርሻ። ከዚያ በፊት «ይህን ያህል ይቆረጥ» የሚል ሐኪም እብጠቱን እንጂ እድገቱን አልለካም።

ቀጥሎ የመድኃኒት ለውጥ። ውሳኔው የጥርስ ሐኪም አይደለም፤ የኩላሊትና የነርቭ ሐኪሞቿ ናቸው፤ ነገር ግን ጥያቄውን ማንሳት የእርስዎም የጥርስ ሐኪሙም ድርሻ ነው። ብዙ ጊዜ ሳይለወጥ የሚቀረው ሊለወጥ ስለማይችል ሳይሆን፣ አንዱ ሐኪም የድዱን ነገር ለሌላው ስለማይነግር ነው። የልጅዎን አፍ ፎቶ አንስተው ይዘው ይሂዱ፤ የቀጠሮው ሰዓት አጭር ነው፤ ፎቶ ቶሎ ያስረዳል። እኔ ለሐኪሞቿ የማቀርበው ቅደም ተከተል ይህ ነው። አስቀድሞ ኒፈዲፒን፤ ለደም ግፊት ከሌላ ወገን ብዙ አማራጭ ስላለ የሚቀለው እሱ ነው። ወደ አምሎዲፒን መዛወር አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም፤ ወደ ዲልቲያዜም መዛወር ደግሞ ያው ወገን ከመሆኑም በላይ የሳይክሎስፖሪንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። ሁለተኛ ፌኒቶይን፤ እዚህ ላይ ቅድሚያ ሊታይ የሚገባው ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሌቬቲራሴታም ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የጉበት ኢንዛይሞችን አይነካም። መጠኑ እንደ ኩላሊቷ አቅም ይስተካከላል፤ አንዳንድ ልጆችን ቁጡ እንደሚያደርግም ይወቁ። ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታል ኢንዛይሞቹን እንደ ፌኒቶይን ስለሚያበዙ ለዚህች ልጅ ትርፋቸው ትንሽ ነው፤ ቫልፕሮኤት ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሌትሌቶች ሊቀንስ ስለሚችል ቀዶ ሕክምና ለሚታሰብላት ልጅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የመጨረሻው ሳይክሎስፖሪንን ያንኑ ሥራ በሚሠራው በታክሮሊመስ መተካት ነው። ድድን በማሳነስ ረገድ ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ታክሮሊመስ የደም ስኳርን ሊያዛባ፣ መንቀጥቀጥም ሊያስነሳ ይችላል፤ የተተከለው ኩላሊት ደህና ሆኖ ሳለ እሱን ለመንካት ሐኪሞቿ ቢያመነቱ ትክክል ናቸው።

ሁለት ለውጥ በአንድ ጊዜ አይደረግ፤ ችግር ቢመጣ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ይጠበቅ፤ ፌኒቶይን በሚነሳበት ጊዜ ደግሞ የሳይክሎስፖሪን ልኬት ተደጋግሞ ይታይ። ለስላሳውና ቀዩ ድድ ለመድኃኒት ለውጥ ቶሎ ይመልሳል፤ ዓመት የቆየውና የጠነከረው ግን በከፊል ብቻ ይሟሽሻል።

ስለ ሰሙት ስለ ሁለቱ መድኃኒቶች። አዚትሮማይሲን ተረት አይደለም፤ ሳይክሎስፖሪን ያሳደገውን ድድ ለጥቂት ቀናት በመሰጠት መድማቱንና እብጠቱን ሲቀንስ ታይቷል። ፌኒቶይን ያሳደገውን ድድ በተመለከተ ግን ማስረጃው እንዲህ አይደለም፤ በልጅዎ ላይ ደግሞ ሁለቱም አሉ። ለአንዳንድ ሰዎችም የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። ከፋርማሲ በራስዎ አይግዙ። ዋናው ፍርሃቴ አዚትሮማይሲኑ ሲያልቅ «ያው ነው» ተብሎ የሚሰጠው ዘመዱ ነው፤ ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን የሳይክሎስፖሪንን መጠን በአደገኛ ሁኔታ ይጨምራሉ። ፎሊክ አሲድን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አለ፤ ፌኒቶይን ሲጀምሩ በቀን 0.5 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ አብረው ከወሰዱ ልጆች ከስድስት ወር በኋላ ድዳቸው ያደገው 21 በመቶ ሲሆን ካልወሰዱት 88 በመቶ ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ጥናቱ ግን ስለ መከላከል ነው፤ ያደገን ድድ ስለ መመለስ አይደለም። ፎሊክ አሲድ የፌኒቶይንን መጠን በደም ውስጥ ሊቀንስ ስለሚችልም ያለ ነርቭ ሐኪሟ አይጀመርም።

ቀዶ ሕክምናው በመጨረሻ። «አንድ ጊዜ ተቆርጦ እንገላገል» የሚለውን ተስፋ ልወስድብዎ ግድ ነው። መድኃኒቱ ሳይለወጥ ፕላኩም ሳይጸዳ የተቆረጠ ድድ በወራት ውስጥ ተመልሶ ያድጋል፤ በልጆች ላይ ደግሞ ከአዋቂዎች ይልቅ ይመለሳል። በቢላዋም ሆነ በሌዘር ቢቆረጥ ይህ አይለወጥም፤ የሌዘር ጥቅሙ ደም መቀነሱ ነው። መቁረጥ የሚገባው ከጽዳቱና ከመድኃኒት ለውጡ በኋላም ድዱ ማኘክን፣ ከንፈር መግጠምን ወይም ጥርስ ማጽዳትን የሚከለክል ሆኖ ሲቀር ነው። ልጅዎ በሙሉ ማደንዘዣ መተኛት ሊኖርባት ስለሚችል የሚሞላ ጥርስ ካለ፣ የሚነቀል ካለ፣ እጥበቱም ጭምር በዚያው ይጠናቀቅ። ፕሬድኒሶሎን እንደምትወስድ የማደንዘዣ ሐኪሙ አስቀድሞ ይወቅ፤ ለዕለቱ ተጨማሪ መጠን ሊያስፈልጋት ይችላል። የጠዋቱ ፌኒቶይን በጾም ሰበብ እንዳይዘለል ይጠይቁ። የደም ግፊቷና የፕሌትሌት ቁጥሯ ይታይ፤ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋት እንደሆነ ንቅለ ተከላ ሐኪሞቿ ይወስኑ። ከቀዶው በኋላ ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አይቡፕሮፌን ለተተከለ ኩላሊት አይሰጥም። የተቆረጠው ድድ አይጣል፤ በማይክሮስኮፕ እንዲመረመር ወደ ፓቶሎጂ ይላክ።

ለዚህ ቅደም ተከተል አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ እሱም ያልወጡት ጥርሶቿ ናቸው። የላይኛው ሁለት የፊት ቋሚ ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ በሰባትና በስምንት ዓመት መካከል ይወጣሉ፤ ስለዚህ መዘግየቱ ገና ብዙ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ የቆየ የኩላሊት ሕመም ራሱ የጥርስ መውጣትን ያዘገያል። ይሁን እንጂ ወፍራም ድድ ጥርስን አግቶ ሊያስቀር ወይም በጠማማ መንገድ እንዲወጣ ሊያደርግ ይችላል። በዚህ ወር ኤክስሬይ ይነሳላት። የወተት ጥርሷ ሳይወድቅ መንገድ ዘግቶ ከሆነ ይነቀል። ቋሚው ጥርስ ሥሩን አሳድጎ ከድዱ ሥር ቀጥ ብሎ ቆሞ ከታየ፣ የሚያግደውም ድድ ብቻ ከሆነ፣ በዚያ ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ መስኮት ይከፈትለታል። ይህ በአካባቢ ማደንዘዣ በደቂቃዎች የሚያልቅ ሥራ ነው፤ የመድኃኒት ለውጡን መጠበቅ አያስፈልገውም።